ጭስ የተከለከለው ጭሰኛ



ጭሰኛ የሚለውን ቃል የማያውቅ በዚህ ግቢ ውስጥ የለም። መምህሮቻችን አስተምረውናል፤ አያቶቻችንም ኖረውበታል። ቃሉ ከጭስ የወጣ ነው ይባላል፤ በሰው መሬት ላይ ጎጆ ቀልሶ፣ እሳት አንድዶ፣ ጭሱ ከሩቅ የሚታይ ሰው ማለት ነው። ዛሬ በሶዶ ከተማ በየጓሮው በተደረደሩት ሰርቪስ ክፍሎች ውስጥ የምንኖር ተማሪዎች ግን ከዚያ ጭሰኛ በአንድ ነገር እናንሳለን። እሱ ሌላው ሁሉ ቢከለከል ጭሱ አልተከለከለም ነበር። እኛ ደግሞ የኤሌክትሪክ ምጣድ ያለው ቤት ነው ተብለን ተከራይተን፣ ምጣዱ ተቃጥሎ ሳይጠገን ወራት አልፈው፣ እንጨት እንዳናነድም «ግድግዳው ይጠቁራል» ተብለን፣ ኪራዩን ግን ሳንቲም ሳናጎድል የምንከፍል ጭሰኞች ነን።

ስለ ምጣድ መጻፍ ለተማሪዎች ማኅበር ወረቀት የማይመጥን የሚመስለው አንባቢ ይኖር ይሆናል። «አገር በስንቱ ነገር ተወጥራ ሳለ እናንተ ስለ ምጣድ ሽቦና ስለ ውሃ መሳቢያ ሞተር ታወራላችሁ ወይ?» የሚለን ጓደኛ አይታጣም። እኛ ግን እንዲህ እንላለን። መብት በትልቅ አዳራሽ ብቻ የሚነገር ነገር ከሆነ፣ ሰው ወደ ቤቱ ሲገባ ከነጫማው በር ላይ አውልቆት ይገባል። ሰው መብቱን የሚለምደው በየቀኑ በእጁ በሚነካው ነገር ነው። የወሩን ኪራይ ከፍሎ የከፈለበትን ነገር ለመጠየቅ የሚያፍር ወጣት፣ ነገ በመሥሪያ ቤት ወንበር ላይ ሲቀመጥ የሕዝብን መብት ያስከብራል ብሎ ማን ያምናል?

በመጀመሪያ ተከራዩ ማን እንደ ሆነ እንናገር። ዩኒቨርሲቲያችን በ1999 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ሶዶ የተማሪ ከተማ ሆናለች። የቀኑ ተማሪ መኝታ ቤት ይሰጠዋል። የማታው ተማሪ፣ የቅዳሜና የእሑዱ ተማሪ፣ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪው፣ የግል ኮሌጅ ተማሪው ግን የሚያድረው ከግቢ ውጭ ነው። ወጣት መምህሮቻችንም ቢሆኑ በአብዛኛው እንደኛው ተከራዮች ናቸው፤ ጠዋት በጥቁር ሰሌዳ ፊት ስናያቸው ትናንት ማታ በጀሪካን ውሃ ሲቀዱ ያየናቸው እነሱው ናቸው። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ተመሥርቶ ሶዶ የአስተዳደሩ መቀመጫ ከሆነች ጀምሮ ደግሞ የመሥሪያ ቤቱም ሠራተኛ ከእኛ ጋር አንዱን ክፍል ይሻማል። ፈላጊው ሲበዛ የአከራይ ቃል ሕግ ይሆናል። «ካልተመቻችሁ መንገዱ ክፍት ነው» የሚለውን ቃል ከአራዳ እስከ መርካቶ ያልሰማው ተከራይ ካለ እድለኛ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ግቢ እንግባ። ስድስት ክፍሎች አሉ። በጋራ የምንጠቀምበት አንድ ማዕድ ቤት፣ በውስጡ አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድና አንድ ምድጃ፣ በጓሮው ሮቶና ውሃውን ወደ ሮቶው የሚገፋ ሞተር ነበሩ። ክፍሉን ስንጠይቅ ባለቤቱ እነዚህን ሁሉ እየዞሩ በኩራት አሳዩን። «ሌላ ቦታ በዚህ ዋጋ ባዶ ክፍል ታገኛላችሁ፤ የእኔ ግን ሁሉ የተሟላለት ነው» አሉን። እውነታቸውን ነበር። ከግቢያችን አጥር ወዲያ ያለው፣ ምጣድም ሮቶም የሌለው ተመሳሳይ ክፍል በወር 1,000 ብር ያህል ይቀንሳል። እኛም ሂሳቡን አስልተን፣ ለጥናት የሚተርፈንን ጊዜ አስበን፣ ልዩነቱን ለመክፈል ተስማማን። ይህን ነጥብ አንባቢ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ ኋላ እንመለስበታለንና።

በኅዳር ወር የምጣዱ ሽቦ ተቃጠለ። ለባለቤቱ ነገርናቸው፤ «እሺ» አሉ። በታኅሣሥ ሞተሩ ቆመ፤ «እሺ» አሉ። ከምድጃው ሁለት ዓይኖች አንዱ ሞተ፤ ጥር ሲብት ሁለተኛውም ተከተለው፤ አሁንም «እሺ» አሉ። «እሺ» ማለት በአማርኛችን «አይሆንም» የሚባልበት ጨዋ መንገድ መሆኑን የተማርነው በዚያ ግቢ ነው። ከስድስቱ ክፍል ሁለት ሆነን ለሦስተኛ ጊዜ ስንሄድ የሰጡን መልስ ግን ግልጽ ነበር። «ምጣዱን እኮ ለእናንተ ብዬ በደግነት ነው የተውኩላችሁ። ግዴታ የለብኝም» አሉን። እንጨት ለማንደድ ብንጠይቅ ግድግዳው በቅርቡ የተቀባ መሆኑን አስታወሱን።

እንግዲህ ተማሪ ምን ያደርጋል? ከሰል ይገዛል። ከሰሉን ውጭ አቀጣጥሎ፣ ወጡን ሠርቶ፣ ሌሊቱ ሲበርድ ፍሙን ከነማንደጃው ወደ ክፍሉ ያስገባዋል፤ የዳሞታን ነፋስ የሚያውቅ ሰው አይፈርድበትም። በፈተናው ሳምንት ሁለቱ የግቢያችን ልጆች እንዲሁ አድርገው በርና መስኮት ዘግተው ሲያጠኑ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ከሰል በተዘጋ ቤት ሲነድ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ከደም ጋር ከኦክሲጅን ይልቅ አጥብቆ ይያያዛል፤ ሰውየው ሳይነቃ ይሄዳል። ያዳናቸው አንድ ጓደኛችን እስክሪብቶ ሊዋስ በሩን አንኳክቶ መልስ ማጣቱ ነው። በሩን ሰብረን አወጣናቸው። ሌሊቱን በጤና ጣቢያ አደሩ፤ እግዚአብሔር ይመስገን ተረፉ፤ አንደኛው ግን ያመለጠውን ፈተና እስከ ዛሬ አልተካም።

በማግሥቱ ባለቤቱ መጡ። የልጆቹን ጤንነት ጠየቁ፤ ይህንን አንክድም። ቀጥለው የተሰበረውን በር አዩ፤ የቁልፉን ዋጋ እንድንከፍል ጠየቁ። በሦስተኛው ቀን አናጢ መጣ፤ ቁልፉ ተቀየረ፤ ሂሳቡም ለስድስት ተካፍሎ ደረሰን። ለካ በሶዶ ከተማ ጠጋኝ አለ! ለካ ባለቤታችን ስልኩን ያውቁት ኖሯል! ከኅዳር እስከ የካቲት ያልተገኘው ጠጋኝ፣ ከፋዩ ሌላ ሰው መሆኑ እንደ ታወቀ በሦስት ቀን ተገኘ።

የነገሩ ሥር እዚህ ላይ ነው። ባለቤቱ ክፉ ሰው ስለ ሆኑ አይደለም። ለዓመት በዓል ቡና ጠርተውን ያውቃሉ፤ የጊፋታ ዕለትም ከማዕዳቸው አልለዩንም። ነገሩ ያለው በሐሳባቸው ላይ ነው፤ ሐሳቡም የእርሳቸው ብቻ ሳይሆን የብዙ አከራይ ነው። ምጣዱ ሲከራይ ዕቃ ነው፤ ሲበላሽ ችሮታ ይሆናል። ዋጋ ሲጠራ በዋጋው ውስጥ አለ፤ ጥገና ሲጠራ ከዋጋው ውጭ ነው። እስቲ ቀድሞ ያነሣነውን 1,000 ብር እናምጣው። ምጣድና ውሃ ስላለው ብለን ስድስታችን በየወሩ 6,000 ብር ጨምረን እንከፍላለን። ዕቃዎቹ ከሥራ ውጭ በሆኑባቸው በኅዳር፣ በታኅሣሥ፣ በጥርና በየካቲት 24,000 ብር ከፈልን። ለምን ከፈልን? ለሞተ ሞተርና ለቀዘቀዘ ምጣድ። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ይሏል ይህ ነው፤ ልዩነቱ በሰማይ ላለችው ላም እኛ በየወሩ የመኖ መክፈላችን ነው።

ያውም ምጣድ ማለት የጠፈር መንኮራኩር አይደለም። በሸክላው ጀርባ በተቀደደ ቦይ ውስጥ የተጠመዘዘ የሙቀት ሽቦ ነው። ሽቦው ከብዙ መጋልና መቀዝቀዝ የተነሣ ይሳሳል፤ አንድ ቀን አንድ ቦታ ላይ ይበጠሳል። ይህ የማንም ጥፋት አይደለም፤ እርጅና ነው። ሽቦውን የሚቀይር ባለሙያ በየገበያው አለ፤ የሚጠይቀውም ከአንዱ ክፍል የወር ኪራይ ጋር የሚወዳደር አይደለም። በአንጻሩ ሳይጠገን የቆየ ምጣድ አደጋ ነው። እስከ 3.5 ኪሎዋት የሚስብ ዕቃ ሽቦው ተጋልጦ፣ ሶኬቱ ቀልጦ፣ ብሬከሩ በሚስማር ተደግፎ ሲሠራ ያየን ሁሉ ይህን እናውቃለን። የመብራቱም ሂሳብ የራሱ ጣጣ አለው። በቤት ታሪፍ ፍጆታው በጨመረ መጠን የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ከፍ ይላል። ስድስት ክፍል በአንድ ቆጣሪ ሲታጎር የድኻው ፍጆታ ተደምሮ እንደ ሀብታም ፍጆታ ይቆጠራል። ባለቤቱ ያላስጠገኑት ሞተር እየተንቀጠቀጠ ውሃ ሳይገፋ የበላውን መብራትም የከፈልነው እኛው ነን።

አሁን «ግዴታ የለብኝም» ወደሚለው ቃል እንመለስ። ሕጉ ምን ይላል?

በ1952 ዓ.ም. የወጣውና ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁት የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስለ ቤት ኪራይ ከቁጥር 2945 ጀምሮ ራሱን የቻለ ክፍል አለው። ክፍሉ የቤት ዕቃ ለተሟላለትም ላልተሟላለትም ቤት፣ ለአንድ ክፍልም ጭምር እንዲሠራ ሆኖ የተጻፈ ነው። የሕጉ መንፈስ ቀላል ነው። አከራይ የሚሸጠው ግድግዳ አይደለም፤ የሚሰጠው ተከራዩ በቤቱ እንዲገለገልበት ነው። ስለዚህ ቤቱን ለታሰበለት አገልግሎት ብቁ አድርጎ ማስረከብ ብቻ ሳይሆን ኪራዩ እስኪያበቃ ድረስ በዚያው ሁኔታ መጠበቅም የእርሱ ድርሻ ነው። ተከራዩም ድርሻ አለበት። የበርን፣ የመስኮትን፣ የቧንቧን መክፈቻና ይህን የመሰለ የዕለት ጥቃቅን ጥገና ሕጉ በተከራዩ ላይ ይጥላል። ነገር ግን ጉዳቱ የመጣው ከእርጅና ወይም ከዐቅም በላይ ከሆነ ኃይል ሲሆን በተከራዩ ትከሻ ላይ አይጫንም። እንግዲህ በርን የሰበርን እኛ ቁልፉን ብንከፍል ሕጉን አንወቅስም። ያረጀውን ሽቦና የደከመውን ሞተር ግን ማን ይጠግን? መልሱ በሕጉ ውስጥ ከስድሳ ዓመት በላይ ተጽፎ ተቀምጧል። ያልተጻፈው በእኛ ውል ውስጥ ነው፤ ውል የለንማ!

ሕጉ መድኃኒቱንም ሰጥቷል። በቁጥር 1771 እንደ ተደነገገው፣ አንዱ ወገን ግዴታውን ያልፈጸመ እንደ ሆነ ሌላው ውሉ እንዲፈጸምለት ወይም እንዲፈርስለት፣ ለደረሰበትም ጉዳት ኪሣራ እንዲከፈለው ሊጠይቅ ይችላል። ቁጥር 1772 ደግሞ ከዚያ በፊት ማስጠንቀቂያ መስጠት እንደሚያስፈልግ ይናገራል። ይህ ማስጠንቀቂያ ነው ብዙዎቻችንን ያጠፋን። ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ በቃል እንለምናለን፤ አንድ ጊዜ ግን ቀን ቆርጠን በጽሑፍ አንጠይቅም። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚለውን ተረት በልጅነታችን በቃል ይዘን በጽሑፍ ላይ ሳናውለው ቀረን።

አዲስ ሕግም አለ። መጋቢት 2016 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016ን አጽድቋል። አዋጁ የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በተቆጣጣሪው አካል ዘንድ እንዲመዘገብ፣ የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ ኪራይም የሚጨመረው መንግሥት በየዓመቱ በሚወስነው መጠን እንዲሆን ይደነግጋል። በክልሎች ውስጥ በየትኞቹ ከተሞች እንደሚሠራ መወሰን ለክልሉ የተተወ ነው። እኛ ግን በምንኖርበት ግቢና በጎረቤቶቻችን ግቢ ዞረን ጠይቀን የተመዘገበ ውል ያለው አንድም ተማሪ አላገኘንም። የሦስት ወር ቅድሚያ የከፈለ ግን በየደጁ አለ።

ይህን አዋጅ በደስታ የምንቀበለው ቢሆንም አንድ ነገር ሳንናገር ልናልፍ አንወድም። ኪራይን መቆጣጠር ብቻውን ጣሪያ አይጠግንም። ለዚህ የገዛ ታሪካችን ምስክር ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን፣ በወር እስከ 300 ብር የሚከራዩ ቤቶች ኪራይ ከ15 እስከ 50 በመቶ ተቀነሰ። ለድኻው ተከራይ ታላቅ እፎይታ ነበር። ነገር ግን ዝቅ ያለው ኪራይ ለጥገና የሚበቃ አልነበረም፤ የሚጠግነውም ባለቤት በግልጽ አልታወቀም። የቀበሌ ቤት የሚባለው ስንት ዘመን ሙሉ ጭቃው እየተላጠ፣ ቆርቆሮው እየዛገ እንደ ኖረ ከወላጆቻችን ቤት ወጥተን የመጣን ልጆች እናውቃለን። ዋጋው ተይዞ ጥገናው ካልተያዘ፣ አከራዩ በዋጋ ያጣውን በጥገና ያካክሰዋል። 1,000 ብር መጨመር ቢከለከል ሞተሩን ባለማስጠገን ያንኑ 1,000 ብር ይጨምራል። ስለዚህ ስለ ዋጋ የሚጮኽ ሁሉ ስለ ጥገናም ይጩኽ።

ከዚህም ወደ ኋላ እንሂድ። በየካቲት 1957 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው ወደ ምክር ቤቱ የተሰለፉት የባለመሬትና የጭሰኛ ግንኙነት በሕግ እንዲወሰን የቀረበ ረቂቅ በነበረበት ጊዜ ነው። ያ ረቂቅ ለዓመታት ሲንከባለል ኖሮ ሳይጸድቅ ቀረ። ከ1887 ዓ.ም. ወዲህ የገባርነትን ቀንበር ለተሸከመው ለወላይታ ገበሬ ነገሩ ወሬ አልነበረም፤ የዕለት እንጀራው ጉዳይ ነበር። መሬቱ በየካቲት 1967 ዓ.ም. በአዋጅ እስኪታወጅ ድረስ ስንቱ ሽማግሌ በቃል ውል ኖሮ በቃል ውል ሞተ! እኛ የክፍላችንን ምጣድ ከአያቶቻችን መሬት ጋር እኩል አናደርግም፤ እንዲህ ያለውን ድፍረት ያርቅልን። አንድ ነገር ግን ተመሳሳይ ነው። ያልተጻፈ ውል ሁልጊዜ ለጠንካራው ወገን ይተረጎማል።

በሌላውም ዓለም ነገሩ በጸሎት አልተገኘም። እ.ኤ.አ. በ1915 በግላስጎው ከተማ አባወራዎቻቸው በጦርነትና በፋብሪካ ሳሉ ኪራይ የተጨመረባቸው ሴቶች፣ ሜሪ ባርበርን በመሰሉ እናቶች እየተመሩ፣ ጭማሪውን አንከፍልም ብለው በየደረጃው ቆሙ፤ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ የእንግሊዝ ፓርላማ ኪራይን የሚገድብ ሕግ አወጣ። እ.ኤ.አ. በ1970 ደግሞ በዋሽንግተን ከተማ ጃቪንስ በሚባለው ክርክር ላይ ዳኛው ስኬሊ ራይት የከተማ ተከራይ የሚከራየው መሬት ሳይሆን ግድግዳን፣ ሙቀትን፣ ብርሃንን፣ የውሃ ቧንቧን አንድ ላይ የያዘ አገልግሎት መሆኑን ተነትነው፣ ቤቱን ለኑሮ ብቁ አድርጎ የመጠበቅ ግዴታ ባይጻፍም በውሉ ውስጥ አለ ብለው ወሰኑ። የእኛ ሕግ ይህን ያለው ከዚያ ፍርድ አሥር ዓመት ቀድሞ ነው። ሕግ ቀድሞን ሄዷል፤ የቀረነው እኛ ነን።

አሁን የሚቃወሙንን እንስማ።

የመጀመሪያው ተቃዋሚ እንዲህ ይላል። «አከራዩ ሁሉ ሀብታም አይደለም። ሁለት ክፍል አከራይታ ልጆቿን የምታሳድግ መበለት፣ በጡረታ ብር የማይበቃው አዛውንት አለ።» እውነት ነው። እንዲህ ያለችውን እናት የምናስጨንቅ ከሆነ እኛም ግፈኞች ነን። ነገር ግን ይህ ሐሳብ ወዴት እንደሚያደርስ እንመልከት። የመበለቲቱ ችግር እውነተኛ ከሆነ መፍትሔው ምጣዱን ከዋጋው ማውጣት ወይም ጥገናውን ከኪራይ ላይ እያቻቻሉ ተስማምቶ መሥራት ነው። እኛ የጠየቅነው ይህንኑ ነው። የግቢያችን ተከራዮች «እኛ እናስጠግንና ከወሩ ኪራይ ይቀነስልን» ብለን ነበር፤ የተነፈግነው ይህም ጭምር ነው። ደግሞም የመበለቲቱን ስም እየጠሩ የሚከራከሩልን ብዙዎቹ ሦስትና አራት ግቢ ያላቸው ናቸው።

ሁለተኛው ተቃዋሚ «ተማሪ ዕቃ ይሰብራል» ይላል። ይህም ሐሰት አይደለም። በምጣዱ ላይ ውሃ የደፋ፣ በአንድ ሶኬት አራት ዕቃ የሰካ፣ የሦስት ወር መብራት ሳይከፍል በሌሊት የጠፋ ጓደኛ እኛም አለን፤ እፍረቱም የጋራችን ነው። ዳሩ ግን ማን እንደ ሰበረ የሚታወቀው ሲገባ ምን እንደ ነበረ ሲጻፍ ነው። የዕቃ ዝርዝር ተከራዩን ብቻ አይጠቅምም፤ አከራዩንም ከአጥፊ ተከራይ ያድነዋል። ዝርዝር የማይወድ አከራይ ካለ፣ የሚፈራው ሌባን ሳይሆን እውነትን ነው።

ሦስተኛው ተቃዋሚ ከመካከላችን ነው፤ እሱም በጣም ይከፋል። «ዝም አይነቅዝም፤ ከነገሩ ጦም እደሩ፤ ሁለት ዓመት ነው፤ ተመርቀን እንሄዳለን» ይለናል። ወንድሜ፣ አንተ ትሄዳለህ፤ ምጣዱ ይቀራል። ከአንተ በኋላ የሚመጣው የቦዲቲ ወይም የአረካ ልጅ ያንኑ የተቃጠለ ምጣድ በያንኑ ዋጋ ይከራየዋል፤ እሱም ዝም ይላል። ዝምታ ባይነቅዝም ሰው ያነቅዛል። በዚያች ሌሊት ጓደኛችን እስክሪብቶ ባያስፈልገው ኖሮ፣ ዛሬ የምንጽፈው ስለ ምጣድ አይሆንም ነበር፤ የሁለት ልጆች የሐዘን መግለጫ ይሆን ነበር።

እንግዲህ ምን እናድርግ? መጮኽ ብቻ የተማረ ሰው ሥራ አይደለምና የሚከተለውን ለማኅበራችንና ለመምህሮቻችን እናቀርባለን።

1ኛ. ማንም ተማሪ ቁልፍ ከመረከቡ በፊት ውል በጽሑፍ ያድርግ፤ ከውሉም ጋር የዕቃ ዝርዝር ያያይዝ። ምጣዱ ይሠራል ወይ? ሞተሩ ውሃ ይገፋል ወይ? ሶኬቱ ስንት ነው? ቆጣሪው ስንት ላይ ነው? ሁሉም ተጽፎ ሁለቱም ወገን ይፈርሙበት፤ ፎቶግራፍም ይነሣ። ማኅበራችን አንድ ገጽ የሚሆን የውልና የዝርዝር ናሙና አዘጋጅቶ እንደዚህች ወረቀት በማባዣ ያባዛልን።

2ኛ. ዕቃ ሲበላሽ በዚያው ሳምንት ቀን የተጻፈበት ማስጠንቀቂያ ለአከራዩ ይሰጥ፤ ለማስጠገኛ የሚበቃ ጊዜም ይወሰንበት፤ አንዱ ቅጂ ይቀመጥ። ጽሑፉ በጨዋ ቃል ይሁን። «ጋሼ» እና «እትዬ» ማለት ከመብት ጋር አይጣላም።

3ኛ. ማንም ብቻውን ተነሥቶ ኪራይ አልከፍልም አይበል። ይህ ደፋርነት ይመስላል፤ በእውነቱ ግን ለአከራዩ የማስወጫ ምክንያት በእጁ መስጠት ነው። አስጠግኖ ከኪራይ መቀነስም ቢሆን በጽሑፍ ስምምነት ወይም በፍርድ ቤት ፈቃድ ይሁን።

4ኛ. የሕግ ትምህርት ክፍል መምህሮቻችንና የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎቻቸው በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ የኪራይ ጉዳይ ለሚያማክር ሰው ይመድቡልን። በክፍል ውስጥ ስለ ውል ሕግ የሚሰጠው ፈተና ከበሩ ውጭ ካለው የውል ችግር ጋር ቢገናኝ ሁለቱም ይጠቀማሉ።

5ኛ. አዋጅ ቁጥር 1320/2016 በሶዶ የሚሠራበትን ሁኔታ ማኅበራችን የከተማውን አስተዳደር በጽሑፍ ይጠይቅ፤ መልሱንም በዚህች ወረቀት ያሳትም። ተቆጣጣሪው አካል ውል ሲመዘግብ ዋጋውን ብቻ ሳይሆን የዕቃውን ዝርዝርና የጥገናውን ድርሻ ጭምር እንዲመዘግብ እንጠይቃለን።

6ኛ. ፍርድ ቤት ከመድረሱ በፊት የሚያስማማ የሽማግሌዎች ጉባኤ ይኑር። የወላይታ ሕዝብ በዱቡሻ ተቀምጦ ነገርን በአደባባይ የማየት ልማድ ያለው ነው። የከተማው ሽማግሌዎች አንድ አከራይና አንድ ተከራይ ፊት ለፊት አስቀምጠው «ሲያከራዩ ምን ብለው ነበር?» ብለው ቢጠይቁ፣ ብዙው ነገር በዚያው ያበቃል ብለን እናምናለን። ሰው ዳኛን ባይፈራ ጎረቤቱን ያፍራልና።

ለመምህሮቻችንም አንድ ቃል አለን። ከእናንተ መካከል እንደኛው ተከራይ የሆናችሁ አላችሁ፤ ድምፃችሁ ከድምፃችን ጋር ይሁን፤ ከተማው ከተማሪ ይልቅ መምህርን ይሰማልና። ከእናንተ መካከል ደግሞ ሠርታችሁ፣ ቆጥባችሁ፣ ቤት ሠርታችሁ የምታከራዩ አላችሁ። አንቀናባችሁም፤ በርቱ እንላለን። ነገር ግን ስለ ፍትሕ በክፍል ውስጥ የምታስተምሩንን በጓሯችሁ ክፍል ውስጥ አሳዩን። አንድ መምህር የተበላሸውን ምጣድ በሳምንት ውስጥ ቢያስጠግን፣ ከአሥር ትምህርት ይልቅ ያስተምረናል።

የምንጠይቀው ርኅራኄ አይደለም፤ የከፈልነውን ነው። ችሮታ ከሆነ ከዋጋው ይውጣ፤ በዋጋው ውስጥ ካለ ይጠገን። መካከለኛ መንገድ የለውም። የኋላ ልጆች በዚያ ግቢ በር ላይ ቆመው «ሁሉ የተሟላለት ነው» ሲባሉ፣ ዝርዝሩን ከኪሳቸው አውጥተው «እስቲ ይጻፍልን» የሚሉበት ቀን እንዲመጣ እንሥራ።

ውል ይጻፍ! ዕቃው ይቆጠር! የተበላሸው ይጠገን!